በመስተዋት ክር ውስጥ የሚሄደው ብርሃን

በምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ ከአብርሃ ጅራ እስከ መተማ ባለው ሜዳ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ወር በቀትር የተጓዘ ሰው ሁሉ የሚያየው አንድ ነገር አለ። ከፊት ለፊቱ ራቅ ብሎ መንገዱ ላይ ውሃ የተኛ ይመስለዋል፤ ማዶ ያለው ዛፍም በዚያ ውሃ ውስጥ ተገልብጦ ይታየዋል። ሲቀርበው ግን ውሃው ይሸሻል፤ ከቶ አይደረስበትም። ያገሩ ሰው ስለ ለመደው አይገረምም። እንግዳው ግን የቆላው ፀሐይ ዐይኔን አታለለው ይላል። ዐይን ግን አልተታለለም። ከሰማይ ወደ መሬት ይወርድ የነበረው ብርሃን በጋለው አየር አጠገብ ሲደርስ መሬቱን ሳይነካ ወደ ላይ ታጥፎ በእርግጥ ወደ ተመልካቹ መጥቷል። ውሃ መስሎ የታየውም የሰማዩ ብርሃን ነው።

ይህን ያስቀደምነው ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ አንድ የአብርሃ ጅራ የሰሊጥ ገበሬ ከአዲስ አበባ ነጋዴ ጋር በስልክ ሲነጋገር፣ ቃሉን ተሸክሞ አገር የሚያቋርጠው ብርሃን ከመስተዋት ክር ሳያመልጥ የሚሄደው፣ በቀትር በሜዳው ላይ በሚታየው በዚሁ ሕግ ነው። ስለዚህ ፋይበር ኦፕቲክ የሚባለውን ነገር ለመረዳት የሚፈልግ ተማሪ ግማሹን ትምህርት በገዛ አገሩ መንገድ ላይ ያገኘዋል ማለት ይቻላል።

ጉዳዩም የፊዚክስ ፈተና ጥያቄ ብቻ አይደለም። ሰሊጥ ከደረሰ በኋላ ብዙ ቀን አይታገሥም፤ የፍሬው ማቀፊያ ተከፍቶ ዘሩ ይረግፋል። በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ባለ እርሻው የደጋውን ሠራተኛ በስልክ ይጠራል፤ የመሐል አገሩን ዋጋ በስልክ ይጠይቃል፤ የሠራተኛውን ደመወዝ በባንክ ያንቀሳቅሳል። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በመተማና በአብርሃ ጅራ መጋዘን ከፍቶ ሰሊጥ መረከብ ከያዘ፣ ቈይቶም ግብይቱን ከእጅ ማጨብጨብ ወደ ኮምፒዩተር ካዛወረ ወዲህ፣ በቆላው ተመዝኖ የገባው ኩንታል በአዲስ አበባ ዋጋው የሚቈረጠው በመሥመር ነው። መሥመሩ ሲቋረጥ «ኔትዎርክ የለም» ይባላል፤ በዚያ ወራት ይህች አጭር ቃል ለገበሬው የምታመጣውን ኪሣራ ለመገመት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም።

እንግዲህ ወደ ብርሃኑ እንመለስ። ብርሃን ባዶ በሆነ ቦታ በአንድ ሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል። በውሃና በመስተዋት ውስጥ ግን ይዘገያል። በቀዝቃዛ አየር ውስጥ ደግሞ በጋለ አየር ውስጥ ካለው ፍጥነቱ በጥቂቱ፣ እጅግ በጥቂቱ ያንሳል። የመታጠፉ ምክንያት ይህ የፍጥነት ልዩነት ነው።

ምሳሌ እንስጥ። ዐሥር ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው በአንድ ረድፍ ዝናብ በጠጣ ዋልካ ላይ እየሄዱ ነው እንበል። ጭቃው እግር ይይዛል። ረድፉ በጥቂቱ አግድም ብሎ ወደ ደረቅ መንገድ ቢጠጋ፣ በጫፍ ያለው ሰው መጀመሪያ ደረቁን ይረግጥና ይፈጥናል፤ ጭቃ ላይ ያሉት ጓደኞቹ ግን ይዘገያሉ። እጅ ለእጅ ተያይዘዋልና ረድፉ በሙሉ ይዞራል፤ የሚዞረውም ወደ ጭቃው ወገን ነው። ወደ መንገዱ ፊት ለፊት ቢመጡ ኖሮ ያለ ችግር ተሻግረው ይሄዱ ነበር። በጣም አግድም ሆነው ከመጡ ግን መንገዱን ሳይሻገሩ ወደ መጡበት ጭቃ ይመለሳሉ። ብርሃንም እንዲሁ ነው፤ ከሚዘገይበት ወደሚፈጥንበት ነገር እጅግ አግድም ሆኖ ሲደርስ አይሻገርም፤ በሙሉ ይመለሳል።

«በሙሉ» የሚለውን ቃል አንባቢ በቸልታ እንዳያልፈው እንለምናለን። የፊት መስተዋት እንኳ የመጣለትን ብርሃን ሁሉ አይመልስም፤ በጀርባው የተቀባው ብረት ከመቶ ጥቂቱን እጅ ያስቀርበታል። ብርሃኑ በአንድ ክንድ ርቀት ውስጥ መቶ ጊዜ እየተጋጨ የሚሄድ ቢሆን ይህ ጥቂት እጅ ተደማምሮ ይጨርሰዋል። ከሚዘገይበት ወደሚፈጥንበት ሲሄድ የሚሆነው መመለስ ግን ምንም አያስቀርም። የፋይበር ኦፕቲክ ነገር ሁሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

ይህ ዕውቀት አዲስ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1841 ዓ.ም. ዳንኤል ኮላዶን የሚባል የስዊስ ሊቅ በጄኔቫ ውሃ በሞላ ዕቃ ጎን ላይ ቀዳዳ አበጅቶ፣ ከቀዳዳው ትይዩ ብርሃን አበራበት። ውሃው በቀዳዳው ወጥቶ ጎብጦ ሲወርድ ብርሃኑም ከውሃው ጋር ጎብጦ ወረደ። ተማሪ የሆነ ሰው ይህን ማታ በቤቱ ሊሞክረው ይችላል። የሚያስፈልገው ጎኑ የተበሳ የውሃ ፕላስቲክ፣ የእጅ ባትሪና ጨለማ ክፍል ነው። ወለሉን ማድረቅ የራሱ ፋንታ ይሆናል።

የመስተዋቱም ክር እንደዚያ የውሃ ዘለላ ነው። ነገር ግን እንደ እንቁላል ሁለት ክፍል አለው፤ በመካከል አስኳል፣ በዙሪያው ልባስ። ሁለቱም መስተዋት ናቸው። ልባሱ ከዳር እስከ ዳር 125 ማይክሮ ሜትር፣ ማለት ከአንድ ሚሊ ሜትር ስምንት እጅ አንዱ ነው። ለሩቅ አገር የሚዘረጋው ክር አስኳል ግን 9 ማይክሮ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ አንዲት የራስ ጠጕር ተሰንጥቃ ብዙ እንዲህ ያለ አስኳል ይወጣታል። በአስኳሉ መስተዋት ላይ ጀርማኒየም የሚባል ንጥረ ነገር በጥቂቱ ስለሚጨመርበት ብርሃኑ በአስኳሉ ውስጥ በልባሱ ውስጥ ካለው ፍጥነት በመጠኑ ይዘገያል። ልዩነቱ ስንት ነው ቢባል ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፤ ከሺህ ሦስት ወይም አራት ያህል ነው።

ሰዎች ይህን ሲሰሙ ይህን ያህል ትንሽ ልዩነት ብርሃንን እንዴት ያግዳል ይላሉ። መልሱ ቀትር ላይ በሜዳው ታይቷል። በጋለውና ባልጋለው አየር መካከል ያለው ልዩነት ከዚህም እጅግ ያነሰ ሆኖ ሳለ ሰማዩን አጥፎ በመሬት ላይ ያሳያል፤ ግን ከግማሽ ዲግሪ ባነሰ ዘንበል ለሚመጣው ብርሃን ብቻ። ውሃው ዘወትር ሩቅ የሚታየውና ስንቀርበው የሚሸሸውም ስለዚህ ነው። በመስተዋቱ ክር ደግሞ ልዩነቱ ከፍ ስለሚል ዘንበሉም እስከ 5 ዲግሪ ድረስ ይሆናል። ከዚያ በላይ ያዘነበለው ብርሃን ልባሱን አልፎ ይፈሳል። ከክሩ ርዝመት ጋር ቀጥ ብሎ የገባው ግን ይኖራል።

እዚህ ላይ ስለ መማሪያ መጻሕፍት ሥዕል አንድ ቃል ሳንናገር ብናልፍ ደግ አይሆንም። በሥዕሉ ላይ ብርሃን ከግድግዳ ግድግዳ እየተጋጨ እንደ መጋዝ ጥርስ ሆኖ ሲሄድ ይታያል። አስኳሉ ሰፊ ለሆነው፣ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ለሚዘረጋው ክር ሥዕሉ እውነት ነው። ግን ችግሩም ከዚያው ይመጣል። መካከሉን ይዞ ቀጥ ብሎ የሚሄደው ብርሃን ይቀድማል፤ እየተጋጨ የሚሄደው ረጅም መንገድ ስለሚዞር ይዘገያል። አብረው የተነሡት ተለያይተው ስለሚደርሱ ምልክቱ ይደበዝዛል። ለሩቅ መንገድ የሚሆነው አስኳል የጠበበው ስለዚህ ነው። በውስጡ የሚያልፈው ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ አንድ ማይክሮ ሜትር ተኩል ገደማ ሲሆን አስኳሉ 9 ብቻ ነው። ጭነት የያዘ ግመል በሁለት አጥር መካከል ባለች ጠባብ መተላለፊያ ሲሄድ ወዲያና ወዲህ ሊዋልል እንደማይችል፣ ብርሃኑም በዚያ ውስጥ አንድ አካሄድ ብቻ ነው ያለው። እንዲያውም የግመሉ ጭነት አጥሩን እየታከከ እንዲያልፍ የብርሃኑም ጥቂት እጅ በልባሱ ውስጥ አብሮ ይሄዳል። የመጋዝ ጥርስ የሚመስለው ሥዕል እዚህ ላይ ያበቃል።

ብርሃኑ ከክሩ አለማምለጡ ታውቆ ብዙ ዘመን ሲያልፍ ለስልክ ያልዋለው ስለምንድን ነው? ብርሃኑ ባያመልጥም በመንገድ ይሞት ነበርና። የመስኮት መስተዋት ከፊት ሲያዩት ጥርት ያለ ነው፤ በጠርዙ በኩል ሲያዩት ግን አረንጓዴ ነው። አረንጓዴ ያደረገው በውስጡ ያለ የብረት ርዝራዥ ነው። በ1960ዎቹ የአውሮፓ ዓመታት የነበረው ደኅና የሚባለው የመስተዋት ክር እንኳ በ20 ሜትር ውስጥ ከመቶ አንድ እጅ ብርሃን ብቻ ያስተርፍ ነበር። ሐኪም የበሽተኛውን ጨጓራ ለማየት ይበቃዋል፤ በእርግጥም በ1957 ለዚህ ሥራ ውሏል። ከቤት እስከ አጥር ድረስ ግን መልእክት ሊያደርስ አይችልም።

በሻንጋይ የተወለደው ቻርልስ ካኦ ከጓደኛው ከጆርጅ ሆክሃም ጋር በእንግላንድ አገር በሃርሎ ከተማ ሲሠራ በ1966 አንድ ጽሑፍ አወጣ። የጽሑፉ ፍሬ ነገር ጥፋቱ የመስተዋት ሳይሆን የእድፍ ነው፤ ብረቱና መዳቡ ተጣርቶ ቢወጣ ከ1 ኪሎ ሜትር በኋላ ከመቶ አንድ እጅ ብርሃን ሊተርፍ ይችላል፤ ይህም ለስልክ ይበቃል የሚል ነው። ብዙዎች አላመኑትም። በ1970 ግን በአሜሪካ የኮርኒንግ መስተዋት ፋብሪካ ሊቃውንት ሞረር፣ ኬክና ሹልትዝ ካኦ ከጠየቀው የሚሻል ክር አወጡ። ካኦ የኖቤል ሽልማት የተሰጠው ከ43 ዓመት በኋላ በ2009 ሲሆን፣ ያን ጊዜ በሕመም ምክንያት የማስታወስ ችሎታው ተዳክሞ ስለ ነበር ንግግሩን ያሰማችው ባለቤቱ ግዌን ካኦ ናት።

የማጣራቱ ዘዴ ደስ ያሰኛል። አሸዋ አይቀለጥም። ሲሊኮን ያለበት ጋዝ ከኦክሲጅን ጋር በእሳት ሲገናኝ እንደ ጥቀርሻ ያለ ንጹሕ የመስተዋት ትቢያ ይሆናል፤ ብረትና መዳብ ግን ከጋዙ ጋር አይተኑምና ወደ ኋላ ይቀራሉ። ትቢያው ተከማችቶ ወፍራም የመስተዋት ዘንግ ይሠራል፤ የአስኳሉና የልባሱ ድርሻም አስቀድሞ በዘንጉ ላይ ይወሰናል። ከዚያም ዘንጉ በ2,000 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ሲለሰልስ ከማንኪያ እንደሚወርድ ማር እየቀጠነ ይሳባል። ምንም ያህል ቢቀጥን አስኳሉ በመካከል፣ ልባሱ በዙሪያ ሆኖ በዚያው መጠን ይኖራል። ከአንድ ዘንግ ብዙ ኪሎ ሜትር ክር ይወጣል።

ዛሬ ያለው ክር እንዲህ ነው፤ ከጎንደር 100 እጅ ብርሃን ወደ መተማ ቢነሣ፣ 15 ኪሎ ሜትር ላይ 50፣ 30 ላይ 25፣ 45 ላይ 12 ተኩል፣ 80 ላይ 2 ተኩል እጅ ይቀራል። ካኦ ለ1 ኪሎ ሜትር የተመኘው መጠን ዛሬ በ100 ኪሎ ሜትር ላይ ይገኛል።

የቀረውን ብርሃን የሚያጠፋው እድፍ አይደለም። መስተዋቱ ሲረጋ በውስጡ የሚቀረው እጅግ ደቃቅ መዛነፍ ብርሃኑን ይበትነዋል። ይህም በመተማ አፋፍ ቆሞ ፀሐይ ወደ ሱዳን ስትጠልቅ ያየ ሰው የሚያውቀው ነገር ነው። ሰማያዊው ብርሃን በአየር ውስጥ ቶሎ ይበተናል፤ ሰማዩን ያሰማየው እርሱ ነው። ቀዩ ግን ረጅሙን አየር አቋርጦ ይደርሳል፤ ፀሐይም ቀልታ ትጠልቃለች። ሞገዱ በረዘመ ቍጥር መበተኑ ያንሳል። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ከቀዩም አልፈው፣ ዐይን የማያየውን 1,550 ናኖ ሜትር የሆነውን ብርሃን መረጡ፤ የዚህ ብርሃን መበተን ከቀዩ ሠላሳ ጊዜ ያህል ያነሰ ነው። ከዚያ አብዝተው ቢያርቁ ደግሞ መስተዋቱ ራሱ ብርሃኑን እየዋጠ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። በዚህ አጋጣሚ ለወጣት ሠራተኞች የምናሳስበው፣ ብርሃኑ አይታይም ማለት ዐይን አይጎዳም ማለት አለመሆኑን ነው። የተቈረጠ ክር ጫፍ ውስጥ አይመለከቱም።

ከመተማ እስከ አዲስ አበባ በጎጃም በኩል በመንገድ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያለ ረዳት ቢላክ ከብርሃኑ የሚተርፍ አንዳች የለም። በየ80 ኪሎ ሜትሩ ገደማ ማበርቻ የሚቆመው ስለዚህ ነው። በማበርቻው ውስጥ ኤርቢየም የሚባል ንጥረ ነገር የተጨመረበት ጥቂት ሜትር ክር አለ። በሌላ ሌዘር ተሞልቶ ይጠብቃል፤ ደካማው ብርሃን ሲያልፍበት በቀለምም በአካሄድም እርሱን የመሰለ ብርሃን እየጨመረ ያጠነክረዋል። በ1987 በእንግላንድ አገር በሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ የዴቪድ ፔይን ጓደኞች ይህን ሲያገኙ፣ ኤርቢየም የሚያበረታው ብርሃን መስተዋቱ እጅግ የሚወደው ያው 1,550 ሆነ። እንዲህ ያለ መገጣጠም በሳይንስ ታሪክ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ብርሃኑ በመስተዋት ውስጥ በሴኮንድ 204,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሄድ፣ 900ውን ኪሎ ሜትር ለመጨረስ የአንድ ሴኮንድ ሺህኛ ክፍል አምስቱ እንኳ አያስፈልገውም። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ በመተማ ሲወድቁ ወሬው ከዚሁ ስፍራ የተነሣው በእግረኛና በፈረሰኛ ሲሆን ወደ መሐል አገር ለመድረስ ቀናት ፈጅቶበታል። ከዚያ ዐሥር ዓመት ሳይሞላ ከሐረር አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የስልክና የቴሌግራፍ ሽቦ መዘርጋት ተጀመረ። ዛሬ በአንዲት ክር ብቻ በብዙ ዐሥር የሚቈጠር የብርሃን ቀለም ሳይቀላቀል አብሮ ይሄዳል፤ እያንዳንዱም በሴኮንድ ብዙ ቢሊዮን ምልክት ይይዛል።

አንድ ነገር ግን ግልጽ መሆን አለበት። የገበሬው ቃል ከእጁ ስልክ እስከ ምሰሶው የሚሄደው በሬዲዮ ሞገድ ነው። ከምሰሶውም ወደ ዋናው መሥመር አንዳንድ ቦታ በክር፣ አንዳንድ ቦታ ከኮረብታ ኮረብታ በማይክሮዌቭ ይደርሳል። የመስተዋቱ ክር አገር ለአገር የሚያገናኘው ጀርባ ነው። ወደ ባሕር ማዶም በጅቡቲ፣ በኬንያና በሱዳን በኩል መሥመር የተዘረጋ ሲሆን፣ የሱዳኑ የሚሻገረው በዚሁ በመተማ በር ነው። በ2006 ዓ.ም. ከተመረቀው ኢትዮጵያን ከሱዳን ከሚያገናኘው የኤሌክትሪክ መሥመር ጋር አንድ አቅጣጫ ይዟል። የመዳብ ስልክ ሽቦ ከከፍተኛ ኤሌክትሪክ አጠገብ ቢዘረጋ ይታወካል። መስተዋት ግን ኤሌክትሪክ አያውቅም፤ ስለዚህ ዛሬ በታላላቅ ምሰሶዎች አናት ላይ ከመብረቅ የሚጠብቀው ሽቦ በሆዱ ክር ይዞ ይሠራል፤ የስልክ ኩባንያዎችም ይከራዩታል።

የቆላው 40 ዲግሪ ሙቀት ለመስተዋቱ ምንም አይደለም። የሚጎዳው በማበርቻው ቤት ያለውን የኤሌክትሪክ ዕቃ ነው። ለክሩ የሚያሰጋው መሬቱ ነው። ዋልካ በክረምት ያብጣል፤ በበጋ እግር እስኪገባ ይሰነጠቃል፤ በውስጡ የተቀበረውን ይጎትታል፣ ያጣምማል። ክሩ ሲጎብጥ ብርሃኑ ልባሱን የሚደርስበት ዘንበል ከ5 ዲግሪ ያልፍና ይፈሳል፤ ክሩ ሳይቈረጥ መልእክቱ ይደክማል። ከመሬቱ የሚብሰው ደግሞ ሰው ነው። መንገድ የሚሠራ፣ የውሃ ቧንቧ የሚቀብር፣ ቦይ የሚቈፍር መኪና ክሩ የት እንዳለ ሳይጠየቅ ይሰማራል። በአንድ ወረዳ የመንገድ ፕላን የሚፈርም ወጣት ሹም ከመፈረሙ በፊት አንድ ደብዳቤ ለስልክ ሰዎች ቢጽፍ ስንት ገበሬ ከስንት ቀን መጉላላት እንደሚድን ይህን ገጽ የሚያነብ አይስተውም።

ክሩ ከተቈረጠም የት እንደ ተቈረጠ ለማወቅ መንገዱን በእግር መፈለግ አያስፈልግም። ጎንደር የተቀመጠው ባለሙያ አጭር የብርሃን ብልጭታ ይሰድዳል። ብልጭታው ከተሰበረው ጫፍ ላይ በጥቂቱ ያንጸባርቅና ይመለሳል። ለአንድ ኪሎ ሜትር መሄጃና መመለሻ ከሴኮንድ ሚሊዮንኛ ክፍል ዐሥሩ ያህል ይበቃዋል። ስለዚህ መሣሪያው 400 ቢል ስብራቱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው። መኪናው ወደዚያ ይነሣል።

ከዚያ በኋላ ያለው የእጅ ሥራ ነው። ባለሙያው መሬቱን ቈፍሮ ሁለቱን ጫፍ ያወጣል፤ ልብሱን ይገፍፋል፤ ጫፉን ቀጥ አድርጎ ይቈርጣል፤ በአልኮል ይጠርጋል። አንዲት የአቧራ ቅንጣት ከአስኳሉ ትበልጣለችና ከነፋስ ለመከለል ብዙ ጊዜ በድንኳን ወይም በመኪናው ውስጥ ይሠራል። ሁለቱን ጫፎች ፊት ለፊት በምታስተካክል ትንሽ መሣሪያ ያስቀምጣቸዋል፤ በመካከላቸው የኤሌክትሪክ ብልጭታ ይነሣል፤ መስተዋቱ ቀልጦ አንድ ይሆናል። ይህንንም በገመዱ ውስጥ ላሉት ክሮች ሁሉ፣ 24 ቢሆኑ 24 ጊዜ፣ 48 ቢሆኑ 48 ጊዜ ይደግመዋል። ሲጨርስ ይለካል። ሥራው ጥሩ ከሆነ በመጋጠሚያው ላይ የሚጠፋው ብርሃን ከመቶ አንድ እጅ ያህል ነው፤ የቀረው 99 ጉዞውን ይቀጥላል።